መጂድ እስኪመልስ

ሐያት መጀመሪያ ያስተዋለችው ብርጭቋቸውን ነው። ከሱቋ ፊት ለፊት፣ በሙሀባ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሰውዬ ከደሴ በኩል ከባድ መኪና ሲመጣ፣ ገና ድምፁ ሳይሰማ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ከጠረጴዛው ብድግ ያደርጉታል። ከዚያ መኪናው ይደርሳል፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ የሌሎቹ ሻይ በየሰሃኑ ላይ ይፈሳል። አቧራው ሲረጋ ሰውዬው ብርጭቋቸውን ይመልሱና ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሐያት ያን ሰሞን ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሸዋ ሮቢት ተመልሳለች። ሥራ እስኪገኝ የወንድሟን ሙዚቃ ቤት ትጠብቃለች፤ ሥራዋ ለባጃጅ ነጂዎችና ለተማሪዎች በስልካቸው ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ በሚከብድበት ሰዓት ደንበኛ ስለማይመጣ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ መንገዱን ታያለች። የብርጭቆውን ነገር ደጋግማ ካየች በኋላ አላስችል አላትና ሙሀባን ጠየቀቻት።

«እሳቸው? ባቡሩ ናቸዋ!» አለች ሙሀባ፣ ሻይ እየቀዳች። «ጋሽ ሷሊሕ። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስንት ዘመን ሠርተዋል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግራቸው ይሰማቸዋል ይላሉ ሰዎቹ። እኔ ግን ሻይ ከመደፋቱ በላይ የሚያስፈራቸው ነገር ስለሌለ ነው እላለሁ።»

ጋሽ ሷሊሕ የተወለዱት ከጀውሃ ማዶ፣ ወደ ቆላው ገባ ብላ ካለች መንደር ነው። በልጅነታቸው አጎታቸው ይዟቸው ድሬዳዋ ወረዱ፤ እዚያው አድገው ምድር ባቡር ገቡ። በመጀመሪያ ፍሬን ያዥ፣ ኋላ በናፍጣው ባቡር ላይ የሹፌሩ ረዳት ሆኑ። ከዚራ ሰፈር ናፊሳን አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። አሁን ግን ሸዋ ሮቢት ዳር፣ በአባታቸው መሬት ላይ፣ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታሉ። ሚስታቸውና ልጃቸው ድሬዳዋ ናቸው። ሰው ስለ ባቡሩ የፈለገውን ይጠይቃቸዋል፤ ስለዚህኛው ነገር ግን የሚጠይቃቸው የለም።

ስለ ባቡሩ መጠየቅ የተጀመረው ከከተማው በታች፣ በማሳዎቹ መካከል፣ ቀይና ነጭ የተቀቡ ችካሎች ከተተከሉ ወዲህ ነው። ባቡር ሊያልፍ ነው ተባለ። ሸዋ ሮቢት የመኪና አገር ናት፤ ሕፃኑ ሁሉ አይሱዙን ከኤፍኤስአር በድምፁ ይለያል፤ ባቡር ግን ያየ የለም። እናም ከቀትር በኋላ ባጃጃቸውን ከጥላ ሥር ደርድረው የሚያርፉ ነጂዎች ጋሽ ሷሊሕን ይከቧቸዋል። የሁሉም አፍ ዮናስ ነው፤ ሳይቀልድ ሰላም የማይል፣ ባጃጁ ላይ ከመቀመጫው የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ የገጠመ ልጅ።

«ጋሼ፣ ባቡር መሪ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ይመራዋል?»

«ሐዲዱ። የሹፌሩ ሥራ መነሳትና መቆም ነው። ከሁለቱ ደግሞ መቆሙ ነው የሚከብደው። ፍሬን ይዘህ ሲጋራ ለኩሰህ ትጨርሳለህ፤ እሱ ገና ይሄዳል።»

«ከሲኖትራክ ጋር ቢጋጭስ?»

«ሲኖትራኩን በማንኪያ ታነሳዋለህ።»

በረንዳው በሳቅ ይናጋል። ሐያትም ከማዶ ሆና ትስቃለች። ቀስ በቀስ ወንበሯን መንገዱን አሻግራ እዚያው ታመጣ ጀመር።

አንድ ቀን እሷም ጠየቀች። ናፍጣው እንዴት ጎማ እንደሚያዞር ነበር ጥያቄዋ። ጋሽ ሷሊሕ ጣታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው በጠረጴዛው ላይ ሥዕል ሣሉላት። ናፍጣው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ ወርዶ የብረት ጎማዎቹን ያዞራል። ዳገት ላይ ጎማው ሲንሸራተት ደግሞ ከሐዲዱ ላይ አሸዋ ይነሰንሳሉ።

«አሸዋ?» አለች ሐያት።

«አሸዋ። ያን ያህል ብረት፣ ያን ያህል ጉልበት፣ በአንድ እፍኝ አሸዋ ነው ዳገት የሚወጣው።»

ሐያት ይህን ሰምታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ስለ አሸዋው አሰበች። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እስከ ዛሬ ሳይነገራት ቀረ?

«አዲሱ ግን በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሄደው አሉ፣ ጋሼ» አለ ዮናስ። «ናፍጣ የለውም።»

ጋሽ ሷሊሕ ፊታቸውን አኮማተሩ። «ናፍጣ የማይሸት ባቡር በርበሬ የሌለው ወጥ ነው። ብሉት እናንተ።»

እንዲህ እየመለሱ ሲጫወቱ ውለው ወሬው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይሰበራል። ባቡሩ እያረጀ መሄዱን፣ ጉዞው ከየቀኑ ወደ አልፎ አልፎ መውረዱን፣ በመጨረሻም ፉርጎዎቹ ቆመው ፍየሎች ጥላቸው ሥር ማረፍ መጀመራቸውን ይናገራሉ። ከዚያ «ወደዚህ መጣሁ» ይላሉ። ከቆሙት ፉርጎዎች እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ያልቃል። ሐያት ያን ክፍተት ታየዋለች፤ ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ጋሽ ሷሊሕ ራሳቸው ወደ ሱቋ መጡ። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሐያት መንዙማ ሊያስጭኑ መስሏት ቶሎ ብላ ኮምፒውተሩን አነቃች።

«አይ፣ ጥያቄ ነው» አሉ። «ራፕ ምንድን ነው?»

ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ዘፈን ነው ጋሼ። ማለቴ፣ ግጥም በምት ላይ መናገር ነው። ምነው?»

«ዮናስ አንድ ነገር አሰማኝ። ከድሬዳዋ ዕቃ ጭኖ ወደ ደሴ የሚያልፍ ሹፌር በስልክ የላከለት ነው። መጂድ ከዚራ የሚባል ልጅ ነው አሉኝ። አባቱ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ገብቷል ተብሏል አሉኝ። የእኔ አብዱልመጂድ ነው።»

ሐያት ፋይሉን ፈልጋ አገኘችው፤ ዮናስ በጠዋቱ ኮምፒውተሯ ላይ ጭኖት ሄዷል። ስትከፍተው ጎርነን ያለ የወጣት ድምፅ ሱቁን ሞላው፦

ዲናሞ ነኝ ትላለህ — መብራት የት አየንልህ?
ከጎረቤት ገመድ ስበህ — ነው ቤትህ የበራልህ።

ጋሽ ሷሊሕ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። አሁንም ድገሚልኝ አሉ።

«ግጥሙ አልተሰማዎትም?»

«ግጥሙማ ተሰምቶኛል። ድምፁን እየለመድኩት ነው።» ዓይናቸውን ከማጉያው ሳያነሱ ነበር የሚናገሩት። «ስመጣ ድምፁ ገና የልጅ ነበር። ሲጎረምስ አልነበርኩም። ለኢድ ስደውል ናፊሳ ናት የምታነሳው፤ እሱ ሁልጊዜ ‹ወጥቷል› ነው።»

ሐያት ስለ ራፑ ማስረዳት ጀመረች። ዲናሞ የሚባለው ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ሌላ ራፐር መሆኑን፣ ሁለቱ በዘፈን እየተሰዳደቡ እንደሆነ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እንደሚመልስ፣ ሕዝቡም ማን አሸነፈ እያለ እንደሚከራከር ነገረቻቸው።

«ይጣላሉ?»

«አይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ብቻ ነው።»

ጋሽ ሷሊሕ ፊታቸው በራ። «ታዲያ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድም አለ! አዲስ ነገር አደረጋችሁት እንጂ።»

ከደጃፉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው የመንደራቸውን ሠርግ ያወጉላት ጀመር። ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዘጋል። ሳይሰዳደቡ መግባት የለም። ከውስጥ አንዲት ድምፀ መልካም ሴት ትነሳና ሚዜውን ትነካካዋለች፦

የሚዜው አፍንጫ — አይ ርዝመት ማማሩ፣
እሱ ገና ጀውሃ ነው — አፍንጫው ደርሷል ከበሩ።

ሐያት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እርስዎ ነዎት ሚዜው?»

«የእኔ አፍንጫ ይሄ ነው?» ብለው ቆጣ አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው ቀጠሉ። «ስለ አፍንጫ፣ ስለ ስስት፣ ስለ እግር መንሻፈፍ የፈለጉትን ይባባላሉ። ማንም አይቀየምም። አባት ከተነሳ ግን ሌላ ነው። አባቱ የተነሳበት ልጅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ የአባቱን ስም በክብር አንስቶ መመለስ አለበት። አባትየው እዚያው ቆሞ ቢሰማ እንኳን አፉን አይከፍትም። የራሱን ስም ራሱ የሚያነሳ አባት ልጅ የለውም ይባላል።»

«ልጁ ዝም ቢልስ?»

«የተባለው እውነት ነው ማለት ነዋ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በበረንዳው ላይ የጥያቄው ዓይነት ሁለት ሆነ። አንዱ ስለ ናፍጣ ባቡር ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ መጂድና ስለ ዲናሞ። ጋሽ ሷሊሕ ስለ ሁለተኛው የሚያውቁት ባይኖርም ይመልሳሉ። ያላወቁትን «ነገ እነግራችኋለሁ» ይሉና ወደ ሐያት ሱቅ ይሻገራሉ፤ እዚያ ተምረው በማግሥቱ እንደ አዋቂ ያስረዳሉ። ምቱን «ቢት» ብለው ሲጠሩ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። ሐያት እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም ነበር። የልጃቸው ስም በየቀኑ ከአፋቸው ይወጣል፤ ሰው የልጁን ስም መጥራት እንዲህ ይርበዋል?

የዲናሞ መልስ የመጣው በቅዳሜ ገበያ ቀን ነው። ዮናስ ባጃጁን እያበረረ መጥቶ በረንዳው ሥር አቆመና ሳይሰማው፣ ሳያጣራው፣ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍቶ ለቀቀው። ሰዉ ተሰበሰበ። ሽንኩርት የሚጭኑት ሁሉ ኩንታላቸውን ጥለው መጡ። መጀመሪያ ስለ መጂድ ጫማ ነበር፤ ተሳቀ። ቀጥሎ ስለ ጥርሱ ነበር፤ አሁንም ተሳቀ። ከዚያ፦

አባትህ የባቡር ሰው — ፊሽካ ነፍቶ ተነሳ፣
አንተን ለገሃር ላይ — እንደ ሻንጣ ረሳ።

ዮናስ እጁን ወረወረና ድምፁን ዘጋው። ቢዘገይም ዘጋው። ሙሀባ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች።

ጋሽ ሷሊሕ ሻያቸውን አንድ ጊዜ ጠጡ። «ቤት መትቷል» አሉ። «ግጥሙ ጥሩ ነው።» ደግሞም፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ፊሽካ ግን አልነፋሁም። በአውቶቡስ ነው የወጣሁት» አሉ።

ሰዉ ቀስ ብሎ ተበተነ። እሳቸው ወደ ሐያት ዞረው «መልሱ መቼ ነው የሚወጣው?» አሏት።

ያን ጊዜ ሐያት ነገሩ ምን እንደሆነ ገባት። ለዮናስና ለጓደኞቹ የማን ግጥም በለጠ የሚል ውርርድ ነበር። ለእሳቸው ግን ልጃቸው በሕዝብ ፊት አባቱ ተነሥቶበታል፤ ወይ አባቴ ይላቸዋል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ፣ በዚያች መንደር ሕግ፣ አባት የሉትም።

ቀናት አለፉ። ጋሽ ሷሊሕ ጠዋት ማሳቸውን ውሃ አጠጥተው፣ እግራቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ ይመጣሉ።

«መጣ?»

«አልመጣም ጋሼ።»

ከሰዓትም ይመጣሉ። «መጣ?»

«ገና ነው። ራፕ እንዲህ ነው፤ ስቱዲዮ አለ፣ ቢት ማሠራት አለ። አንዳንዴ ወር፣ ሁለት ወር ይፈጃል።»

«ሕዝቡ እኮ ተበተነ» ይላሉ። «የሚመልስ ልጅ ሕዝብ ከተበተነ በኋላ ለማን ነው የሚመልሰው?»

እንዲህ አይደለም ብላ ብታስረዳቸውም አልገባቸውም። በእሳቸው አገር መልስ በሚቀጥለው ትንፋሽ ነው የሚወጣው፤ መዘግየት ራሱ መልስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ያለ መልስ ያለፈ ቀን ከትከሻቸው ላይ አንድ ነገር ይወስድባቸው ጀመር። ስለ ባቡሩ ሲጠየቁ አሁን አጭር ነው መልሳቸው። «አዎ።» «የለም።» ዮናስ «ጋሼ፣ ግመል ቢገባበትስ?» ብሎ ሊያስቃቸው ቢሞክር «ይሞታል» አሉ ብቻ።

ዮናስ ጥፋቱ እንደሆነ ቆጥሮት መላ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ለምን እርስዎ ራስዎ አይመልሱለትም? ሐያት ትቀዳለች፣ እኔ በሹፌሮቹ እልከዋለሁ። ‹ባቡሩ› ብለን እናወጣዋለን። ድሬዳዋ ትገለበጣለች!»

«አባት የራሱን ስም አያነሳም።»

«ደውለው ይንገሩታ እንግዲያ!»

«ምን ልበለው? አወድሰኝ ልበለው?» አሉና ብድግ አሉ።

በእነዚያ የመጠበቅ ቀናት ለሐያት ብዙ ነገር አወሩላት። ሱቋ ውስጥ፣ ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ያለች በርጩማ የእሳቸው ሆነች። ስለ ከዚራ ዛፎች ነገሯት፤ ከሁለት በኩል ጎንበስ ብለው መንገዱ ላይ ስለሚገናኙት። ከጅቡቲ ሲመለሱ ባቡሩ ሽንሌን አልፎ የድሬዳዋ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ሹፌሩ ለእሳቸው ብሎ ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ እንደሚነፋ ነገሯት። ናፊሳ ያን ስትሰማ ውሃ ትጥዳለች። መጂድ ያን ሲሰማ ይሮጣል። ለገሃር፣ የድሬዳዋው ባቡር ጣቢያ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃቸዋል፤ ፊቱ ብቻ ከብረቱ በላይ ይታያል። ልብሳቸው በናፍጣ ስለሚርስ እናቱ አትንካው ትለዋለች፤ እሱ ግን ይጠመጠምባቸዋል። ማታ ልጁ ራሱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«አሁን ናፍጣ የት ይሸተኛል መሰለሽ?» አሏት። «ማደያው ጋ። ለውሃ መሳቢያው ሞተር ልቀዳ ስሄድ። ጄሪካኑን ከፍቼ ቆሜ እቀራለሁ። ቀጂው ‹ጋሼ ምን ሆኑ?› ይለኛል። ልጄ ሸተተኝ ልበለው?»

ሐያት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። እንባዋ ቅርብ ነው፤ እንዳያዩባት ነበር።

«ከዚያስ ጋሼ?» አለች፣ እንደምንም። «ባቡሩ ከቆመ በኋላ?»

«ከዚያ ወደዚህ መጣሁ» አሉ።

መልሱ የመጣው ማንም ባልጠበቀበት የማክሰኞ ከሰዓት ነው። ሐያት ስልኳ ላይ በቴሌግራም አገኘችው። መጂድ ከዚራ ይላል። ጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ብቻዋን ሰማችው። ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችውና ተነስታ ሱቁን ጠረገች፤ ጠዋት የጠረገችውን ሱቅ። አልመጣም ልላቸው እችላለሁ፣ አለች በልቧ። ዛሬ አልመጣም ብላቸው ነገስ? ነገ ዮናስ ያገኘዋል።

ጋሽ ሷሊሕ እንደ ልማዳቸው መጡ። «መጣ?»

ሐያት አላፊ አግዳሚውን አየች። ዮናስና ሁለት ነጂዎች በረንዳው ላይ ናቸው፤ ሙሀባ ከሰል ታራግባለች። «መጥቷል ጋሼ» አለች። «ግን መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዎን ቢሰሙት…»

ፊቷን ሲያዩ ገባቸው። ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስድቡ በሕዝብ ፊት ነበር። መልሱም በሕዝብ ፊት ነው። ክፈችው።»

ዮናስ ነገሩን ሰምቶ ተሻገረ። ሙሀባም ማራገቢያዋን እንደያዘች መጣች። ሐያት ከፈተችው። መጂድ መጀመሪያ ዲናሞን ነካካው፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ፀጉሩ። ዮናስ አልሳቀም። ከዚያ ምቱ ቀረ፤ ድምፁ ብቻውን ወጣ፣ እንደ ንግግር፦

አልዋሸህም ወንድሜ — እውነት ነው፣ ጥሎኛል፤
ለአንተ ግን ምን ልመልስ — መልሱ ከእሱ ይገኛል።
ሸዋ ሮቢት ያላችሁ — ጠይቁልኝ ያን ሰው፣
ባቡሩስ ቆመ እሺ — እሱን ማን አስኬደው?

ምቱ አልተመለሰም። ዘፈኑ እዚያው አለቀ።

ሐያት ቀና ብላ ማየት ፈራች። ስታይ ጋሽ ሷሊሕ አላለቀሱም፤ አልተቆጡምም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ግጥሙን እየደገሙት ነው። በመንደራቸው ሕግ ከዝምታ የከፋ ነገር ደርሶባቸዋል፤ ልጃቸው በአደባባይ ጥሎኛል ብሏል። ከዝምታ የከፋ ነገር ይኖራል ብሎ ሕጉ ራሱ አላሰበም ነበር።

«ሸዋ ሮቢት አለ» አሉ በመጨረሻ። «ሰምታችኋል? ያለሁበትን ያውቃል ማለት ነው።»

ሙሀባ ማራገቢያዋን አገላብጣ አየች።

«እህ? ጠይቁኛ!» አሉ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ወደ ዮናስ ዞሩ። «ጠይቁልኝ አላችሁ እኮ! ባቡር መሪ አለው ወይ ስትለኝ አፍህ መች ተያዘ? ግመል ቢገባበት ስትለኝ? አሁን ምነው?»

ዮናስ መሬት መሬት አየ። «ይተዉት ጋሼ። ልጅ ነው፣ ስሜት ነው።»

«ልጅ አይደለም። ትልቅ ሰው ጠይቋል።»

ሙሀባ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብላ ወደ ከሰሏ ተመለሰች። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ወደ ባጃጃቸው ሸሹ። ያ ሁሉ ጠያቂ፣ ወር ሙሉ አላስቀምጥ ሲላቸው የከረመው፣ አሁን አንዲት ጥያቄ ተሰጥቶት ማንሳት አቃተው። ሐያትም መሸሽ አማራት። ግን ሱቁ የእሷ ነው፤ የት ትሂድ?

«ጋሽ ሷሊሕ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ባቡሩ ቆመ። እርስዎን ማን አስኬደዎት?»

አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። «ባቡሩ ሲቆም…» አሉ። እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ። «ሥራ የሌለው አባት ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ… ልጁ ትምህርት ቤት ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣ ‹አባ፣ ዛሬም አትሄድም?› ብሎ…» አቋረጡ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «አይ። ይሄን ለአንቺ ብጨርሰው ነውር ነው። የጠየቀኝ ሌላ ነው፤ ቀድሜ ለሌላ ልነግር አይገባኝም። በስልክም የሚባል አይደለም። ፊቱን ሳላይ ምኑን እመልሳለሁ?»

ተነሱ። ከሱቁ ወጥተው መሐል ደጃፍ ላይ ቆመው መንገዱን ወደ ደብረ ሲና በኩል አዩ። ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ናት።

«ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና አሁን ይገኛል?» ብለው ጠየቁ።

ስለ መኪና ሲጠይቁ ሰምታቸው የማታውቀው ሙሀባ ከማዶ ቀና አለች። «የት ሊሄዱ? ድሬዳዋ? ዛሬ?» አለች። «ሽንኩርቱንስ?»

«ዮናስ ያጠጣዋል።»

«እኔ?» አለ ዮናስ ከባጃጁ ውስጥ። «እኔ ሽንኩርት ከመቁረጥ በቀር…» አለና የሙሀባን ፊት ሲያይ «እሺ፣ አጠጣለሁ፣ አጠጣለሁ» አለ። ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ዘረጋ። «መናኸሪያ ላድርስዎት ጋሼ፣ ይግቡ።»

«በእግሬ ነው የምሄደው። ቃሉን እያደራጀሁ።»

«በዚሁ በሽርጥ?» አለች ሙሀባ።

«ድሬዳዋ ነው የምሄደው እንጂ ቤተ መንግሥት መሰለሽ?»

«ደብረ ሲና ግን ብርዱ ሽርጥ አያውቅም!» ብላ ወደ ጓዳ ገብታ የባሏን ወፍራም ጃኬት ይዛ ወጣች። አልቀበልም ሊሉ ሞከሩ፤ ክንዳቸው ላይ ጣለችባቸው። ያን ለብሰው፣ እጅጌው ረዝሞባቸው፣ እንደ ተማሪ ሆነው ቆሙ።

ሐያት አጠገባቸው ደረሰች። ልትላቸው የፈለገችው ብዙ ነበር። መጂድ ባያናግርዎትስ? ወጥቷል ቢሉዎትስ? በሩን ቢዘጋብዎትስ? «ዘፈኑን በስልክዎ ልጫንልዎት?» አለች ብቻ። «በመንገድ ይሰሙታል።»

«በቃሌ ይዤዋለሁ» አሉ። «አላህ ይስጥሽ። ስለ ጠየቅሽኝ።»

ከዚያ ሄዱ። በአስፋልቱ ጠርዝ፣ የማንጎ ሻጮቹን ድንኳን ይዘው፣ ወደ መናኸሪያው። ሰው ሰላም ሲላቸው እጃቸውን አነሱ፤ አልቆሙም። አንድ ነጂ ከመንገዱ ማዶ «ጋሽ ሷሊሕ! ባቡሩ መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ ጮኸላቸው፤ የሆነውን ገና አልሰማም። ዞር ብለው አላዩትም። ሐያት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከንፈራቸው እንደሚንቀሳቀስ ከኋላ ሆና እንኳን በትከሻቸው ታውቅ ነበር፤ አንድ ቃል ያነሳሉ፣ ይጥሉታል፣ ሌላ ያነሳሉ። መንገዱ ከሚታጠፍበት ሲደርሱ አንድ አውቶቡስ መሐላቸው ገባ። አውቶቡሱ ሲያልፍ እሳቸው ታጥፈው ነበር።